የአሻንጉሊት ወታደሮችን መሰብሰብ ከጎጃም ለሚጀምር ሰው፤ ምርታቸው የቆመውንም ስለ ማግኘት

የአሻንጉሊት ወታደሮችን ለመሰብሰብ ያሰበ ሰው ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት አንድ ርእስ ሊመርጥ ይገባዋል። ባለፉት 200 ዓመታት የተሠሩት ምስሎች ከናፖሊዮን ዘበኞች አንሥቶ እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ታንከኞች ድረስ ማለቂያ የላቸውም፤ ያየውን ሁሉ የሚገዛ ሰውም ብዙ ሳይቆይ መደርደሪያውን እርስ በርሳቸው በማይተዋወቁ ወታደሮች ሞልቶ፣ ለምትፈለገው አንዲት ምስል የሚሆን ገንዘብ ያጣል።

ለጎጃም ሰው ርእሱ ከደጁ ነው። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በጥር 1941 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ከሱዳን ድንበር ተነሥተው በበላያ በኩል ወደ ደብረ ማርቆስ ሲያመሩ፣ በእንግሊዛዊው መኮንን በኦርድ ዊንጌት የሚመራው የጌዴዎን ጦር፣ የሱዳን የድንበር ሻለቃ፣ የኢትዮጵያ ሻለቆች፣ ጭነት የሚያመላልሱት ግመሎች፣ ከቡሬ በደምበጫ አድርጎ ያፈገፈገው የኢጣልያ ጦር፣ ከዚያም በፊት ለዓመታት ሲዋጉ የቆዩት አርበኞች ሁሉ በአንድ መልክዐ ምድር ላይ ተገናኝተዋል። ይህን ዘመቻ ሙሉ በሙሉ የሚወክል የተዘጋጀ ስብስብ ገዝቼ አስቀምጣለሁ ብሎ መጠበቅ ግን አይገባም፤ የሰሜን አፍሪካ ዘመቻን ከሚያሳዩ የእንግሊዝና የኢጣልያ ምስሎች እየለቀሙ የሚሠሩት ነው።

ወደ አሮጌ ዕቃ የሚያዘነብል ሰው ደግሞ ከዚህ የተሻለ መነሻ አለው። የፋሺስት ኢጣልያ ወረራ የዓለም ጋዜጦችን ባጣበበበት በ1930ዎቹ አጋማሽ፣ ብሪቴንስ የተባለው የለንደን ፋብሪካ በቁጥር 1424 የንጉሠ ነገሥቱን የክብር ዘበኛ፣ በቁጥር 1425 ደግሞ የኢትዮጵያን ተዋጊዎች በሳጥን አድርጎ ለገበያ አቅርቧል። ዘበኞቹ ጠመንጃቸውን በትከሻቸው አድርገው በባዶ እግራቸው የሚሰለፉ ናቸው። በእኔ አስተያየት አንድ ኢትዮጵያዊ ሰብሳቢ በዕድሜው አንድ አሮጌ ሳጥን ብቻ የሚገዛ ከሆነ ሊፈልገው የሚገባው ይህን ነው፤ ዋጋው ግን የጀማሪ ዋጋ ስላልሆነ በመጀመሪያው ዓመት ባይቸኩሉ ይመረጣል።

ከርእሱ ቀጥሎ ምስሎቹ ከምን እንደተሠሩ ማወቅ ያስፈልጋል፤ የዋጋም የአያያዝም ልዩነት የሚመጣው ከዚህ ነውና። በ18ኛው መቶ ዘመን በኑረምበርግ የተስፋፉት ከቆርቆሮ ቅይጥ የተሠሩ እንደ ቅጠል ስስ የሆኑ ጠፍጣፋ ምስሎች ነበሩ። በፈረንሳይ ሚኞ የተባለው ድርጅት ውስጣቸው ድፍን የሆነ የእርሳስ ወታደሮችን ሲሠራ፣ ጀርመኖቹ ኤላስቶሊንና ሊኔኦል ደግሞ በሽቦ አጽም ላይ የመጋዝ ብናኝና ሙጫ እየለበጡ ሠርተዋል። ዛሬ በመጫወቻ ሱቆች በከረጢት የሚሸጡት አረንጓዴ የፕላስቲክ ወታደሮች ዘራቸው የሚቆጠረው በ1938 በአሜሪካ ከተሠሩት ነው። ልጅ ላለበት ቤትና አሰላለፍ ለመለማመድ እነዚህ የሚናቁ አይደሉም።

የገበያውን መልክ የለወጠው ግን ዊልያም ብሪቴን በ1893 ያመጣው ዘዴ ነው። እርሳስ፣ ቆርቆሮና አንቲሞኒ ተቀላቅለው ከቀለጡ በኋላ በብረት ቅርጽ ውስጥ ይፈስሳሉ፤ የቅርጹን ግድግዳ የነካው ክፍል ወዲያው ሲረጋ፣ መካከል ላይ ገና ያልረጋው ተመልሶ ይደፋል። በዚህ መንገድ የሚወጣው ወታደር ውስጡ ባዶ ስለሆነ ብረቱም ይቆጥባል፣ ክብደቱም ይቀላል፣ ዋጋውም በጊዜው ከነበሩት ድፍን የጀርመን ወታደሮች ያንሳል። ይህ ለዛሬው ገዢ የሚጠቅመው ሐሰተኛውን ለመለየት ነው። ከአሮጌ ምስል ቅርጽ ወስደው አዲስ የሚያፈስሱ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ድፍን አድርገው ስለሚሠሩት ከዋናው ይከብዳል። ስለዚህ ሻጩን በግራም ሚዛን መዝኖ እንዲነግርዎ መጠየቅ ነውር የለውም፤ ለመመዘን የማይፈቅድ ሻጭ ሲገጥምም ሌላ መፈለግ ነው።

መጠንን በተመለከተ ጥቂት ቁጥሮች ይበቃሉ። የብሪቴንስ እግረኛ ቁመቱ 54 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ዛሬ በቀለም ተጠናቀው ከሚሸጡት ብዙዎቹ ወደ 60 ሚሊ ሜትር ይጠጋሉ፤ በ1/72 ልኬት (ከእውነተኛው 72 ጊዜ አንሰው) የሚሠሩት ትናንሽ ፕላስቲኮች ግን ወደ 25 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ናቸው። እነዚህን ቀላቅሎ ማሰለፍ ለዓይን ይከብዳል።

ምርቱ የቆመ ዕቃ ሲባል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ያመለክታል። የመጀመሪያው ፋብሪካው የተወው አሮጌ ሥራ ነው፤ ብሪቴንስ የእርሳስ ወታደር መሥራቱን በ1966 ስላቆመ ከዚያ በፊት የነበረው የእርሳስ ሥራው በሙሉ በዚህ ውስጥ ይገባል። ሁለተኛው እንደ ሆንግ ኮንጉ ኪንግ ኤንድ ካንትሪ ያሉ በሥራ ላይ ያሉ ድርጅቶች በየጊዜው «ከእንግዲህ አይሠራም» ብለው ከዝርዝራቸው የሚያወጡት ነው። የሁለተኛው ዓይነት አፈላለግ ቀላል ነው። የምርቱ መቆም እንደታወጀ ወደ ግል ሻጮች ከመሮጥ ይልቅ በልዩ ልዩ አገሮች ያሉትን የድርጅቱን ነጋዴዎች መጋዘን መጠየቅ ይቀድማል፤ ከነጋዴዎቹ አንዳንዱ የቀረችውን ሳጥን በቀድሞ ዋጋዋ ይዟት ይገኛልና። ምርቱ የቆመ ሁሉ ይወደዳል የሚለውን የሻጮች አባባል ግን አይመኑ። በብዛት ተሠርቶ ብዙ ፈላጊ ያላገኘ ምስል ምርቱ ቢቆምም ዋጋው እዚያው ይቆያል፤ አንዳንዱም ይወርዳል።

አሮጌውን ሲፈልጉ በስም ብቻ ሳይሆን በሳጥን ቁጥር ይፈልጉ። ሻጮች ስሙን እንደፈቀዳቸው ይጽፉታል፣ ቁጥሩ ግን አንድ ነው። በስም የሚፈልጉ ከሆነም የአገራችንን ሁለቱንም የውጭ ስሞች በላቲን ፊደል እየቀያየሩ መሞከር ግድ ነው፤ «አቢሲኒያ» ተብሎ የተመዘገበው ዕቃ «ኢትዮጵያ» ብሎ ለሚፈልግ ሰው አይታየውም። ኢቤይ በተባለው የኢንተርኔት ገበያ ላይ ዋጋ የሚያጠኑ ከሆነ የተጠየቀውን ዋጋ ትተው የተሸጠበትን ብቻ የሚያሳየውን ማጣሪያ ይጠቀሙ። በእንግሊዝ ያለው ቬክቲስን የመሰሉ በመጫወቻ ላይ ያተኮሩ የጨረታ ቤቶች ዝርዝራቸውን ከነፎቶግራፉ አስቀድመው ያወጣሉ፤ አሸናፊው ከዋጋው በላይ ለቤቱ የሚከፍለው 20 በመቶና ከዚያ በላይ መሆኑ የተለመደ ስለሆነ የመጨረሻ ዋጋዎን ይህንን ቀንሰው ይወስኑ። በለንደን አቆጣጠር ከጧቱ 10 ሰዓት የተባለ ጨረታ በእነርሱ በጋ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 6 ሰዓት፣ በክረምታቸው ደግሞ 7 ሰዓት ላይ እንደሚጀምርም ያስቡ።

ከባሕር ዳር ወይም ከፍኖተ ሰላም ተቀምጦ የሚገዛ ሰው ዕቃውን በእጁ አገላብጦ የማየት ዕድል ስለሌለው ሁሉንም የሚወስነው ፎቶግራፍ ነው። ከፊት፣ ከኋላ፣ ከመቆሚያው ሥርና ከአንገት አካባቢ በቅርብ የተነሣ ፎቶግራፍ ያስልኩ። አንገት የሚታየው በምክንያት ነው፤ ልጆች ጭንቅላቱን የሰበሩትን ወታደር በአንገቱ የክብሪት እንጨት ሰክቶ መመለስ በቀድሞው ዘመን የየቤቱ ጥገና ነበር። ብዙዎቹ የብሪቴንስ ወታደሮች አንድ ክንዳቸው የሚንቀሳቀስ በመሆኑ፣ ክንዱ ከሌላ ምስል ተነቅሎ የመጣ እንዳይሆን የእጅጌውን ቀለም ከኮቱ ጋር ያስተያዩ። በአንዳንድ ቀደምት ምስሎች መቆሚያ ሥር ወይም በፈረሱ ሆድ ላይ ዓመት ተጽፎ ይገኛል፤ ይህ ቅርጹ የተመዘገበበት እንጂ ያ ምስል የተሠራበት ዓመት ስላልሆነ በእርሱ ብቻ ዕድሜ መቁጠር አይቻልም። ቀለሙ የታደሰ ወታደር የቱንም ያህል ቢያምር ከተላጠው ዋና ቀለም ያነሰ ዋጋ አለው። ዕቃው እጅዎ ከገባ በኋላ ሱቆች ሐሰተኛ ብር ለመለየት በሚጠቀሙበት ወይን ጠጅ ብርሃን በጨለማ ቢያዩት፣ በኋላ የተደረበው ቀለም ብዙ ጊዜ ከዋናው ተለይቶ ይታያል። ምስሎቹ የታሰሩበት ካርቶንና ቀይ ወረቀት የለበሰው ሳጥን አብረው ካሉ ዋጋው በእጅጉ ይጨምራል፤ እግረኛ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ 8፣ ፈረሰኛ ከሆነ 5 ሆኖ መቅረብ ነበረበትና ቁጥሩ መሙላቱንም ያረጋግጡ።

ክፍያውና መጓጓዣው ብዙ ጀማሪን የሚያሰለች ክፍል ነው። በውጭ ምንዛሪ ለመክፈል የሚያስችል ካርድ ከባንክዎ ማግኘት ካልቻሉ፣ ውጭ አገር ያለ ዘመድ ገዝቶ በእጁ ጥቂት ጥቂቱን እንዲያስቀምጥልዎና ወደ አገር ቤት ሲመጣ እንዲይዝልዎ መለመን የተሻለው መንገድ ነው፤ ለእርሳስ ወታደርም ከሻንጣ የበለጠ የሚመች መጓጓዣ የለም። በፖስታ የሚመጣ ከሆነ የፖስታ ሳጥን ቁጥር ይኑርዎ፤ ሻጩም በጥቅሉ ላይ የሰብሳቢ መጫወቻ ምስል መሆኑንና እውነተኛ ዋጋውን በግልጽ እንዲጽፍ፣ እያንዳንዱንም ምስል በስስ ወረቀት ለየብቻ እንዲጠቀልል ይንገሩት። የግዢ ደረሰኙ ለጉምሩክ ያስፈልጋል። በቴሌግራም ብቻ ተዋውቆ አስቀድሞ ገንዘብ እንዲላክለት ለሚያጣድፍ ሰው አይላኩ።

አያያዙ ላይ ጠንከር ብዬ የምናገረው ስለ እንጨት ነው። በአካባቢያችን ዕቃን ማክበር ማለት ከዋንዛ ወይም ከጽድ በተሠራ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፎ ማስቀመጥ ነው፤ ለእርሳስ ወታደር ግን ይህ ክብር ጥፋቱ ነው። እንጨት፣ በተለይም አዲስ የተሠራውና በሙጫ የተጣበቀው ሰሌዳ፣ የአሲድ ትነት ያወጣል፤ ትነቱ ከእርጥበት ጋር ሆኖ እርሳሱን ወደ ነጭ ዱቄት ይለውጠዋል፣ የበላውንም የሚመልስ የለም። ስለዚህ መስተዋትና ብረት የሆነ መደርደሪያ ያሠሩ፣ አየር የሚያስገባ ክፍተት ይተዉለት። ከሰኔ እስከ መስከረም፣ በተለይ በጣና ዳርና በደብረ ማርቆስ ብርድ፣ ከአዲስ ጫማ ጋር የሚመጡትን እርጥበት መጣጭ ትናንሽ ከረጢቶች በየመደርደሪያው ያኑሩ። አሮጌው ካርቶንም ራሱ አሲድ ስላለው ምስሎቹን በውስጡ አሽጎ ማቆየት አይገባም፤ ሳጥኑን ለብቻው ያስቀምጡት።

እርሳስ መርዝ መሆኑ አይዘነጋ። ከነኩት በኋላ እጅ ይታጠቡ፣ በሞረድ ወይም በብርጭቆ ወረቀት አይፈግፍጉት፣ ለሕፃንም አይስጡት። ነጩ ዱቄት የታየበትን ምስል በዕለቱ ከሌሎቹ ለይተው፣ ዱቄቱን ሳያቦኑ በፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ያኑሩት፤ ቀጥሎም ያ ምስል የቆመበትን መደርደሪያ ከምን እንደተሠራ ይመርምሩ።