የታመመች ፊንችን በቤት ውስጥ እንዴት መንከባከብ ይቻላል?

ፊንች በቤት ውስጥ ከሚያድጉ ወፎች በአካል ትንሿ ከሚባሉት ወገን ናት፤ በብዛት የምትረባው ዜብራ ፊንች ከ10 እስከ 16 ግራም ያህል ብቻ ትመዝናለች። የሰውነቷ ሙቀት 41 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ በመሆኑና በዚያች ትንሽ አካል የሚከማች ስብ እምብዛም ስለሌለ፣ ቀኑን ሙሉ እየለቀመች ካልዋለች ሙቀቷን ጠብቃ ማደር ያቅታታል። በዚህ ላይ ድካም የታየበትን ወፍ አዳኝ ለይቶ ስለሚያጠቃው፣ ፊንች ሕመሟን እስከ መጨረሻው የመሸሸግ ጠባይ አላት። ባለቤቷ «ዛሬ ታመመች» በሚልበት ቀን ሕመሙ ብዙ ጊዜ የሰነበተ ነው። ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል ከመድኃኒት ይልቅ ሙቀትን የሚያስቀድመውም ለዚህ ነው፤ የበረዳት ወፍ ያላትን አቅም ሁሉ ለመሞቅ ስለምታውለው፣ በሽታውን የምትታገልበት ጉልበት አይተርፋትም።

1. ምልክቶቹን ከርቀት ይመልከቱ

ወፏ ሰው ሲጠጋት ላባዋን ሰብስባ፣ ዓይኗን ገልጣ ደህና መስላ ትቆማለች፤ ስለዚህ ራቅ ብለው ተቀምጠው ለጥቂት ደቂቃዎች ሳይንቀሳቀሱ ይከታተሏት። ላባዋን አንጨፍርራ እንደ ኳስ ክብ ብላ፣ በጠራራ ቀን ዓይኗን ጨፍና በሁለት እግሯ ተደግፋ የምታንቀላፋ ከሆነ ሕመም መኖሩን ይጠርጥሩ። ጤነኛ ፊንች ስታርፍ ብዙውን ጊዜ አንድ እግሯን ታጥፋለች፣ ትንሽ ኮሽታ ስትሰማም ወዲያው ትነቃለች። ከቆጧ ወርዳ በሽቦ ቤቱ ወለል ላይ መቀመጧ፣ በእያንዳንዱ ትንፋሽ ጅራቷ ወደ ላይና ወደ ታች መወዝወዙ፣ መንቁሯን ከፍታ መተንፈሷ፣ ስትተነፍስ ቀጭን የጠቅ ጠቅ ድምፅ መሰማቱ ወይም በፊንጢጣዋ ዙሪያ ያለው ላባ መቆሸሹ ይበልጥ አሳሳቢ ምልክቶች ናቸው።

ብዙ ሰው የሚታለለው በመብል ሳህኑ ነው። ፊንች ጥሬውን ፈልቅቃ ቅርፊቱን እዚያው ሳህኑ ላይ ስለምትጥለው፣ ባዶ ቅርፊት የሞላበት ሳህን ከላይ ሲታይ ያልተነካ መብል ይመስላል። ሳህኑን አውጥተው እፍ ቢሉበት ቅርፊቱ ይበንና ከሥር የቀረውን ጥሬ ያያሉ። የዚህ ተቃራኒም ያጋጥማል፤ አንዳንድ የታመመች ወፍ ከሳህኑ ሳትለይ እየፈለቀቀች ትውላለች እንጂ የምትውጠው ጥቂት ነው።

ኩሷንም ይመርምሩ። ጤናማ ኩስ ሦስት ክፍል አለው፦ ጠቆር ወይም አረንጓዴ ያለው ጠጣር ክፍል፣ ነጩ ክፍልና ጥርት ያለ ጥቂት ፈሳሽ። ጠጣሩ ክፍል ጠፍቶ ነጩና ፈሳሹ ብቻ ከቀረ፣ ወፏ መብላት ማቆሟን ይገመታል።

2. ከሌሎቹ ይለዩአት

የታመመችውን ወፍ ከመንጋው አውጥተው ወደ ሌላ ክፍል ይውሰዱ። በሽታው ተላላፊ ሊሆን ይችላል፤ ባይሆን እንኳ ሌሎቹ ደካማዋን እየጠቀጠቁ ከመብል ያርቋታል። ጥንዷን መለየት ያስጨንቃታል የሚል ክርክር አለ፣ እውነትነትም አለው፤ ሆኖም ምክንያቱ የታወቀ ጉዳት፣ ለምሳሌ የእግር ስብራት፣ ካልሆነ በስተቀር መለየቱ ይሻላል።

ሲይዟት ክፍሉን ጨለም ያድርጉና በቀጭን ጨርቅ ሸፍነው በእርጋታ ይያዙ። ወፍ እንደ ሰው ዲያፍራም (በደረትና በሆድ መካከል ያለ የመተንፈሻ ጡንቻ) ስለሌላት የምትተነፍሰው የደረት አጥንቷን ወደ ፊትና ወደ ኋላ በማንቀሳቀስ ነው፤ ደረቷን ጠበቅ አድርጎ መያዝ ትንፋሿን ማቋረጥ ማለት ነው። ከዚህ በኋላ ያለ ምክንያት ደጋግመው አይያዟት።

3. የሕሙም ቤቷን ያዘጋጁ

አነስተኛ የሽቦ ቤት ወይም አየር ማስገቢያ ቀዳዳ ያለው ሣጥን ይበቃል። በሦስት ጎኑ ፎጣ ይሸፍኑት፤ አንዱ ጎን ለአየርና ለመከታተል ክፍት ይሁን። ቆጡን ከወለሉ ጥቂት ሴንቲሜትር ብቻ ከፍ አድርገው ያስቀምጡ፤ በቆጥ መቆም ላቃታት ደግሞ በወለሉ ላይ ለስላሳ ጨርቅ አጣጥፈው ያንጥፉላት። ወለሉን በነጭ ወረቀት መሸፈኑ ቀላል የሚመስል ግን ዋጋው ትልቅ የሆነ ነገር ነው፣ በእያንዳንዱ ቀን ምን ያህል ኩስ እንደጣለችና መልኩ እንዴት እንደሆነ በግልጽ ያሳያልና።

በቆጡ ከፍታ ላይ ያለው ሙቀት ከ29 እስከ 32 ዲግሪ ሴልሺየስ መሆን ይኖርበታል። በግምት አይሂዱ፤ ቴርሞሜትሩን ወፏ በምትቀመጥበት ቦታ ይስቀሉ። ሙቀቱ ከአንድ ወገን ብቻ ይምጣ፤ ለምሳሌ በቤቱ ግማሽ ሥር ዝቅተኛ ሙቀት ላይ የተደረገ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ጨርቅ ቢያነጥፉ፣ ወፏ ሲበዛባት ወደ ሌላው ግማሽ መሸሽ ትችላለች። መብራት በሚቋረጥበት ጊዜ ሙቅ ውሃ የተሞላና በፎጣ የተጠቀለለ ጠርሙስ ለጥቂት ሰዓታት ይተካል፤ ግን ሲቀዘቅዝ የወፏን ሙቀት መሳብ ስለሚጀምር በጊዜው መቀየር አለበት። መንቁሯን ከፍታ የምታለከልክና ክንፏን ከገላዋ አርቃ የምትይዝ ከሆነ ሞቋታልና ይቀንሱ። ጭንቅላቷ ከመስተዋት ወይም ከግድግዳ ጋር የተጋጨች ወፍ ግን ከዚህ የተለየች ናት፤ ለእርሷ የሚያስፈልጋት ጨለማና ጸጥታ እንጂ ተጨማሪ ሙቀት አይደለም።

ለማሞቅ ሲባል ከሰል ወይም ኬሮሲን በክፍሉ ውስጥ አይለኩሱ። የወፍ ሳንባ ለጭስና ለጋዝ እጅግ ስስ ነው፤ ምግብ እንዳይጣበቅበት በቴፍሎን የተለበጠ መጥበሻ ከልክ በላይ ሲግል የሚወጣው ጋዝ እንኳ ወፍን በደቂቃዎች ውስጥ ሊገድል ይችላል። ሽቶ፣ የተባይ መርጫና የሲጋራ ጭስም ከክፍሉ ይራቁ።

4. መብልና ውሃ ያቅርቡላት

የለመደችውን ጥሬ ከቆጧ ሳትወርድ በምትደርስበት ጥልቀት የሌለው ሳህን ያቅርቡ፣ በወለሉም ላይ በተን ያድርጉላት። ይህ አዲስ ምግብ የሚለማመዱበት ጊዜ አይደለም፤ ሆኖም ተቀቅሎ በደንብ የደቀቀ እንቁላል በጥቂቱ ቢጨመር ብዙ ፊንቾች ይወዱታል። እንቁላሉ በሙቅ ቤት ውስጥ ቶሎ ስለሚበላሽ ከሁለት ሰዓት በላይ አይቆይ። የመብራቱን ሰዓት ማራዘም ለመልቀም ተጨማሪ ጊዜ ይሰጣታል፤ ቢሆንም እንቅልፍም ሕክምና ነውና ሌሊቱን ሙሉ ደማቅ መብራት አያብሩባት።

ውሃ በመርፌ ወይም በጠብታ በመንቁሯ ውስጥ አያንቆርቁሩ። የወፍ የትንፋሽ ቧንቧ መግቢያ ከምላሷ ሥር ወዲያው ስለሚገኝ፣ የተሳሳተች አንዲት ጠብታ ሳንባዋ ውስጥ ልትገባ ትችላለች። ራሷ የምትጠጣ ከሆነ ንጹሕ ውሃ በቅርቧ ማኖር ይበቃል። አቮካዶ፣ ቸኮሌት፣ ቡናና ጨው ያለበት ምግብ በጤናዋም ሆነ በሕመሟ ጊዜ አይሰጧት።

5. ክብደቷን ይመዝግቡ

በግራም ክፍልፋይ የሚለካ ትንሽ ዲጂታል ሚዛን ካለ፣ ወፏን ከነመያዣዋ በየቀኑ ጠዋት ከመብላቷ በፊት ይመዝኑና የመያዣውን ክብደት ይቀንሱ። 14 ግራም የነበረች ወፍ 1.4 ግራም ብትቀንስ ከሰውነቷ አንድ አሥረኛውን አጥታለች ማለት ነው፤ ይህ በዓይን አይታይም፣ አደጋው ግን ከባድ ነው።

6. ወደ እንስሳት ሐኪም ይውሰዱ

መንቁሯን ከፍታ የምትተነፍስ፣ የምትንዘፈዘፍ፣ መቆም ያቃታት ወይም የምትደማ ወፍ እስከ ነገ ሳትቆይ ወዲያው ወደ ሐኪም ትወሰድ። የደም ነገር በተለይ በቸልታ አይታይ፦ በ14 ግራም ወፍ ውስጥ ያለው ደም በጠቅላላው ወደ 1.4 ሚሊሊትር ገደማ ስለሆነ፣ ለሰው ምንም የማይመስሉ ጥቂት ጠብታዎች ለእርሷ ብዙ ናቸው። ከጥፍር የሚፈስን ደም በበቆሎ ስታርች ነስንሰው በንጹሕ ጥጥ ለደቂቃዎች ጫን በማድረግ ማቆም ይቻላል።

ሴቷ ሆዷ አብጦ፣ እግሯን ገጥማ ወለል ላይ ተቀምጣ የምታምጥ ከሆነ እንቁላል ተቀርቅሮባት ይሆናል። የካልሲየም እጥረት ለዚህ የተለመደ ምክንያት ነው። ሙቀትና እርጥበት ያለው አየር አንዳንዴ ይረዳታል፤ ሆዷን መጫን ግን እንቁላሉን በውስጧ ሊሰብረው ስለሚችል ፈጽሞ አይሞከር።

በግምት አንቲባዮቲክ መስጠትን አልደግፍም። ከላይ የተጠቀሰው የጠቅ ጠቅ ድምፅ ለምሳሌ በትንፋሽ ቧንቧና በአየር ከረጢቶች ውስጥ በሚኖሩ ጥቃቅን ተባዮች ሊመጣ ይችላል፤ ይህ በተለይ በጉልዲያን ፊንች ላይ የታወቀ ሲሆን፣ አንቲባዮቲክ ተባዮቹን አይነካቸውም። ትክክለኛው መድኃኒት አይቨርሜክቲን ቢሆንም፣ ለዚህች አካል የሚሰላው መጠን እጅግ ጥቂት በመሆኑ ሐኪም ብቻ ይወስነው።

በጉዞ ላይ ሣጥኑ ጨለማና ሞቃት ይሁን፤ ውሃ ፈስሶ እንዳያበርዳት የውሃውን ዕቃ ያውጡ። በወረቀቱ ላይ የጣለችውን የዕለቱን ኩስና የክብደቷን መዝገብ ይዘው ይሂዱ፣ ሐኪሙ ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈልገው እርሱን ነው።

7. እጅዎንና ዕቃውን ያጽዱ

ሳልሞኔላን ጨምሮ አንዳንድ የወፍ በሽታዎች ወደ ሰው ይተላለፋሉ። ከእርሷ በፊት ጤነኞቹን ያብሉ፣ እርሷን ከነኩ በኋላ እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ፤ የደረቀ ኩስ ሲያጸዱ ብናኙ እንዳይነሣ አርጥበው ይጥረጉ። ዋናውን ቤት በበረኪና የሚያጸዱ ከሆነ ወፎቹን አውጥተው፣ በደንብ አለቅልቀውና አድርቀው ይመልሷቸው።

8. ቀስ በቀስ ይመልሷት

መብላት ስለጀመረች ብቻ ማሞቂያውን አያጥፉ። ክብደቷ ሲመለስና ላባዋ ሲስተካከል ሙቀቱን በየቀኑ በሁለት ወይም በሦስት ዲግሪ እየቀነሱ ወደ ክፍሉ ሙቀት ያድርሱት፤ በዚህ መካከል ላባዋን እንደገና ካንጨፈረረች ወደ ኋላ ይመለሱ። ሐኪም ያዘዘው መድኃኒት ደግሞ ወፏ ብትዘፍንም እስከ መጨረሻው ቀን ይሰጥ። ወደ መንጋው የምትገባው በጠዋት ይሁን፤ ሌሎቹ ቢያባርሯት ቀን ሙሉ ለማየት ያስችላልና። በሽታዋ የአየር ከረጢት ተባይ ከነበረ፣ አብረዋት የኖሩት ሁሉ በአንድ ጊዜ መታከም እንዳለባቸው ሐኪሙን ይጠይቁ፤ አለዚያ ከእነርሱ መልሳ ትይዘዋለች።