ሰው ሲያይ የሚዘለውን ውሻ አደብ ማስያዝ

በር ሲንኳኳ ግቢውን ቀውጢ የሚያደርግ፣ ሰው ሲገባ ደረቱ ላይ የሚንጠለጠል፣ ከቤተክርስቲያን የተመለሱ እናትን ነጠላ በጭቃ የሚያበላሽ ውሻ አላችሁ? ክፉ ሆኖ አይደለም። ብዙ ጊዜ ታስሮ ስለዋለ ነው። በተለይ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ተኩል ያለ ጎረምሳ ውሻ ጉልበቱን የሚጨርስበት ካጣ ያገኘው ሰው ላይ ይወጣዋል። ስለዚህ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱን አስከትቡና ጠዋትና ማታ በገመድ ይዛችሁ አውጡት። አታጣድፉት፤ ጥጋጥጉን እያሸተተ ይሂድ። ማሽተት ውሻን ያረጋጋል።

ለሽልማት ሳንባ ወይም ጉበት ቀቅላችሁ ሽምብራ እያሳከላችሁ ክተፉ። ጥሬውን ግን በጭራሽ! ለውሻውም ለቤተሰቡም የሚተርፍ ጥገኛ ትል ሊኖረው ይችላል። የወጥ ትራፊም ይቅር፣ ሽንኩርት ውሻን ይመርዛል።

አሁን ወደ ዋናው። ውሻው ሊፈታ መሆኑን ሲያውቅ ይዘላል፣ ያላዝናል፣ እጅ ይቧጭራል። እኛ ደግሞ «እሺ፣ እሺ» እያልን ቶሎ እንፈታዋለን። በዚህ የሚማረው፣ ከዘለለ እንደሚፈታ ነው። ይሄን ገልብጡት። እጃችሁን ወደ አንገቱ ላኩ፤ ከዘለለ እጃችሁን ሰብስባችሁ ቀጥ ብላችሁ ቁሙ። አትጩሁበት፣ አትዩት፣ አትግፉት፤ መግፋት ለሱ ጨዋታ ነው። አራቱም እግሮቹ መሬት ሲነኩ እንደገና እጃችሁን ላኩ። መጀመሪያ ላይ ይብስበታል፣ ምክንያቱም ድሮ ይሠራለት የነበረው ነገር እምቢ ሲለው ጨምሮ ይሞክራል፤ እዚህ ላይ ሰልችቷችሁ ከፈታችሁት ደግሞ አብዝቶ መዝለል እንደሚያዋጣ አስተማራችሁት ማለት ነው። ታገሡ። ቆይቶ ግራ ሲገባው ቁጭ ይላል። ያኔ ወዲያው «ጎበዝ!» በሉት፣ ሥጋዋን አጉርሱት፣ ፍቱት። ከዘገያችሁ ለምን እንደተሸለመ አይገባውም።

ምግብ ስታቀርቡለትም፣ በር ስትከፍቱለትም እንደዚሁ አድርጉ። ለአጭር ደቂቃ ግን በየቀኑ።

እንግዳ የመጨረሻው ፈተና ነው። አንድ ሰው በር እንዲያንኳኳ አድርጉና ውሻውን ራቅ ብላችሁ በገመድ ያዙት። ሲረጋጋ ሰውየው ይቅረብ፣ ሲዘል ወደ ኋላ ይመለስ። ዘበኛውም፣ ልጆቹም፣ ቤት ውስጥ የሚሠሩትም በዚህ ይስማሙ፤ አንዱ እየከለከለ ሌላው ሲዘልበት የሚያሻሸው ከሆነ ልፋት ብቻ ነው።

ዱላ አታንሡ። የተመታ ውሻ ሰው መምጣቱን ከሕመም ጋር ያያይዘዋል፣ ፍርሃቱ ሲበዛ ደግሞ ይነክሳል። ሌሊቱን ሲጠብቅ ለሚያድር ውሻ ቀን ከበሩ ራቅ ያለ ጥላ ፈልጉለትና ይተኛ፤ እንቅልፍ ያጣ ውሻ ቶሎ ይነሣሣል።

ጥበቃውን ይተው ይሆን ብላችሁ የምትሰጉ አትስጉ። የምታስተዉት መዝለሉን እንጂ መጮኹን አይደለም።