የዊንዶውስ ጨዋታዎችን በሊኑክስ ላይ ማስኬድ

ለዊንዶውስ ብቻ ተሠርቶ የሚሸጥ የቪዲዮ ጨዋታ በሊኑክስ ላይ እንዲሠራ ከተፈለገ፣ አስቀድሞ የግራፊክስ ካርዱን ድራይቨር፣ ማለትም ካርዱን የሚያሠራውን ሶፍትዌር፣ ማዘመን ያስፈልጋል። ቀጥሎ ስቲም የተባለው የጨዋታ መሸጫና ማስጀመሪያ ፕሮግራም ይጫንና በማስተካከያው ውስጥ ከሚገኘው የተኳኋኝነት ገጽ ላይ የዊንዶውስ ጨዋታዎችን በሊኑክስ ላይ የሚያስኬደው ፕሮቶን ለሁሉም ጨዋታዎች እንዲያገለግል መፈቀዱ ይረጋገጣል።

የስቲም ባለቤት ቫልቭ በ2018 እ.ኤ.አ. ያወጣው ፕሮቶን በ1993 በተጀመረውና የዊንዶውስ ፕሮግራሞችን በሊኑክስ ላይ በሚያስኬደው ዋይን ላይ የተገነባ ሲሆን፣ ጨዋታው ለዊንዶውስ የሚያቀርበውን ጥያቄ ሊኑክስ ወደሚያውቀው ይለውጣል፤ በውስጡ ያለው ዲኤክስቪኬ ደግሞ ዳይሬክትኤክስ የተባለውን የዊንዶውስ የግራፊክስ ሥርዓት የሥዕል ትእዛዝ፣ ሊኑክስ ላይ ወደሚሠራው ቩልካን ወደተባለ ተመሳሳይ ሥርዓት ይተረጉማል። ስለዚህ ካርዱ ቩልካንን የሚደግፍ መሆኑ መረጋገጥ አለበት።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ጨዋታውን ከዊንዶውስ ጋር በሚጋሩት፣ ኤንቲኤፍኤስ የተባለውን የዊንዶውስ የፋይል ሥርዓት በሚጠቀም የዲስክ ክፍልፍል ላይ ሲጭኑ ነው። ፕሮቶን ከሚፈጥራቸው ፋይሎች አንዳንዶቹ በስማቸው ውስጥ ዊንዶውስ የማይቀበለውን ምልክት ስለሚይዙ፣ እንደ ኤክስት4 ያለ የሊኑክስ የፋይል ሥርዓት ያለውን ክፍልፍል መምረጥ እጅግ ይሻላል።

ከመግዛትዎ በፊት የተጫዋቾችን ተሞክሮ ፕሮቶንዲቢ በተባለው ድረ ገጽ ላይ ያንብቡ። በተለይ በኢንተርኔት የቡድን ጨዋታ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ኢዚ አንቲቺትና ባትልአይ የተባሉት የማጭበርበር መከላከያዎች ከ2021 ጀምሮ ፕሮቶንን ቢደግፉም፣ የጨዋታው አዘጋጅ ራሱ ካልፈቀደ በቀር ጨዋታው ቢከፈትም ወደ ውድድሩ መግባት አይቻልም።