ኮንስትራክሽን ማኔጅመንት በኮሚኒቲ ኮሌጅ፦ እኛ ሀበሾች የምንሳሳትባቸው ነገሮች

አዲስ አበባ ሳይት ሲመራ የኖረ ሰው ዲቪ ደርሶት ሜሪላንድ ወይም ቨርጂኒያ ሲገባ፣ የመጀመሪያው ዓመት በኡበርና በመጋዘን ሥራ ያልቃል። ከዚያ አንድ ዘመድ «ለምን ኮሚኒቲ ኮሌጅ አትገባም?» ይለዋል። ሞንትጎመሪ ኮሌጅም ኖቫም (ኖርዘርን ቨርጂኒያ ኮሚኒቲ ኮሌጅ) በኮንስትራክሽን ማኔጅመንት የሁለት ዓመት ዲግሪ ይሰጣሉ። ምክሩ ጥሩ ነው፤ እኔም በዚሁ መንገድ ነው የገባሁት። ትምህርቱም ሳይት ለሚያውቅ ሰው ያን ያህል አይከብድም። ዋጋ የሚያስከፍለን በጊዜው ሳንጠይቅ ያለፍነው ነገር ነው።

«ዲግሪ ዲግሪ ነው» ብሎ መመዝገብ አንዱ ነው። የሁለት ዓመት ዲግሪ ሁሉ አንድ አይደለም። ኤ.ኤስ. የሚባለው ወደ ዩኒቨርሲቲ ለመሻገር የተዘጋጀ ነው። ኤ.ኤ.ኤስ. ደግሞ በቀጥታ ወደ ሥራ ለመግባት ነው፤ ኮንስትራክሽን ማኔጅመንት ብዙ ጊዜ የሚሰጠው በዚህኛው ነው። ሥራ ብቻ ከሆነ ዓላማችሁ ምንም ችግር የለውም። ባችለር የምትፈልጉ ከሆነ ግን ተጠንቀቁ። እኔ ይህን የሰማሁት ሦስተኛ ሴሚስተር ላይ ነው። ልሻገር ስል ከኮርሶቼ ግማሽ ያህሉ በኢሌክቲቭ፣ ማለትም የግዴታ ኮርስን በማይተካ የምርጫ ኮርስነት፣ ብቻ ተያዙልኝ። የወሰድኩት ሒሳብም ዩኒቨርሲቲው የሚፈልገው አልነበረም። ከመመዝገባችሁ በፊት የምትሻገሩበትን ዩኒቨርሲቲ ምረጡና የትኛው ኮርስ በምን እንደሚተካ አማካሪያችሁን በኢሜይል ጠይቁ። በቃል የተነገረ ነገር ኋላ ላይ ማስረጃ አይሆንም።

የአገር ቤት ዲግሪን መደበቅ ደግሞ ብዙ ጊዜ የማየው ነው። «ባችለር አለኝ ካልኩ የመንግሥት እርዳታ ይቀርብኛል» ይባላል። እውነት ነው፤ ፔል ግራንት የሚባለው የማይመለስ የመንግሥት የትምህርት እርዳታ ባችለር ላለው ሰው አይሰጥም፣ ዲግሪው ከውጭ አገር ቢሆንም። ግን ፋፍሳ (የእርዳታው ማመልከቻ ቅጽ) ላይ ዋሽቶ መሙላት ገንዘቡን ከማስመለስ አልፎ በሕግ ያስጠይቃል። ግሪን ካርድ ለያዘ ሰው ይህ የሚቀለድበት ነገር አይደለም። ይልቅ ዲግሪውን አስገምግሙት። ሲቪል ምህንድስና ወይም ኮተም (ኮንስትራክሽን ቴክኖሎጂና ማኔጅመንት) ከጨረሳችሁ ሙሉ ዲግሪ እንደገና መጀመር ላያስፈልጋችሁ ይችላል። የጎደላችሁ የዚህ አገር ኮንትራት፣ ኮድና የዋጋ ግምት ከሆነ ጥቂት ኮርሶች ይበቃሉ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፤ ፊትና ኢንች። በሜትር ያደገ ጭንቅላት «ኋላ እለምደዋለሁ» ይላል። አይለምደውም፤ ፈተና ላይ ይወድቃል። አንድ ምሳሌ። 20 ፊት በ20 ፊት የሆነ፣ ውፍረቱ 4 ኢንች የሆነ የወለል አርማታ ስንት ኮንክሪት ይፈልጋል? አራቱን ኢንች ወደ ፊት ሳይቀይር 1,600 ብሎ የጻፈ ሰው አውቃለሁ። እኔ ነኝ። ትክክለኛው 133 ኪዩቢክ ፊት ገደማ ነው። ወደ ያርድ ለመቀየር ለ27 ሲካፈል 5 ኪዩቢክ ያርድ ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። ሳይት ላይ «አምስት ያርድ» ሲሉም ርዝመት ሳይሆን ኪዩቢክ ያርድ ማለታቸው ነው። እንጨቱም ያታልላል። ቱ ባይ ፎር የሚባለው ሲለካ አንድ ተኩል በሦስት ተኩል ኢንች ነው። 1 ለ50 ስናነብ የኖርነው ፕላንም እዚህ ሩብ ኢንች እንደ አንድ ፊት ሆኖ ይመጣል። የፊትና ኢንች ሜትር ግዙና ቤታችሁን ክፍል በክፍል ለኩ። ጎረቤት ይሳቅ።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ አለ። እኛ አገር፣ በተለይ የመንግሥት ሥራ ላይ፣ የተሠራው ተለክቶ በቢኦኪው (የሥራ መጠንና ነጠላ ዋጋ ዝርዝር) ዋጋ ይከፈላል። መጠኑ መጀመሪያ ቢሳሳትም የተሠራው ተለክቶ በሚመዘገብበት ቴክኦፍ ሺት ላይ ይስተካከላል። እዚህ ብዙው የግል ሕንፃ በጥቅል ዋጋ ነው የሚያዘው። ኮንትራክተሩ ቆጥሮ ያልደረሰበት ግድግዳ ካለ ከራሱ ኪስ ይሠራዋል። የኢስቲሜቲንግ (የዋጋ ግምት) አስተማሪዎች በአንድ የተረሳ በር ነጥብ የሚቆርጡት ለዚህ ነው። ክፋት መስሎን ተንጫጭተን ነበር።

የኦሻ ካርድ፣ ማለትም የሥራ ደህንነት ሥልጠና መውሰዳችሁን የሚያሳየው፣ በአጭሩ። የ10 ሰዓቱ ለሠራተኛ፣ የ30 ሰዓቱ ለኃላፊ ነው። «ባንድ ቀን እናስጨርሳችኋለን» ያላችሁን ሰው አትመኑ። አሥሩ ቢያንስ 2 ቀን፣ ሠላሳው ቢያንስ 4 ቀን ይፈጃል። ኮሌጃችሁ ከኮርስ ጋር አብሮ የሚሰጠው ከሆነም ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ጠይቁ።

የመጨረሻው ዝምታ ነው። አገር ቤት አለቃን መጠየቅ አላዋቂነት ይመስላል። እዚህ ግን ጥያቄ ራሱ ሥራ ነው። ፕላኑ ግልጽ ካልሆነ ኮንትራክተሩ አር ኤፍ አይ (የማብራሪያ ጥያቄ) ይጽፋል፣ አርክቴክቱ በጽሑፍ ይመልሳል። ገምቶ የሠራ አፍርሶ ይሠራል። ክፍል ውስጥም ያው ነው። የማታ ኮርስ ላይ ብዙ አስተማሪዎች ቀን ቀን ፕሮጀክት የሚመሩ ሰዎች ናቸው። እኛ ግን ከኋላ ተቀምጠን በአማርኛ እየተንሾካሾክን እንወጣለን። አጠገቤ የሚቀመጠው ኤል ሳልቫዶራዊ ቀን ላይ የኮንክሪት ቡድን ይመራ እንደነበር ያወቅኩት ከሁለት ወር በኋላ ነው። ያን ሁሉ ጊዜ ሰላምታ ብቻ ነበርን። አንድ ማታ መኪና ማቆሚያው ላይ «እናንተ ጋ ሰው ይፈልጋሉ?» አልኩት። ሰኞ በ12 ሰዓት ጠዋት ና አለኝ፣ ቦት ጫማ አድርገህ።