ዳቦ ቆሎው ለምን ላላ? የጭቃዋ ላም ለምን ተሰነጠቀች? ለጅማ ቤቶች ችግርና መፍትሄ

ጅማ ላይ ልጅ የሚያሳድግ ሰው ዝናብን ጠንቅቆ ያውቀዋል። መጋቢት ላይ የጀመረው እስከ መስከረም ማገባደጃ አይለቅም፤ ሰኔና ሐምሌ ሲደርስ ደግሞ ልጆቹ መስኮት ላይ ተደርድረው "ዛሬ ምን እንሥራ?" ማለት ይጀምራሉ። እኛ ቤት መልሱ ዳቦ ቆሎ፣ የሰሊጥ ከረሜላ፣ የጭቃ ላም ወይም ጧፍ ነው። ከዚያ ችግሩ ይከተላል፦ ቆሎው ይላላል፣ ከረሜላው ጥርስ ላይ ይጣበቃል፣ የላሟ ቀንድ ይወድቃል። በዚህ ጊዜ ብዙ ወላጆች "ምን ላድርግ፣ እጄ አይሆንም" ብለው እርግፍ አድርገው ሲተዉት አይቻለሁ፤ ያሳዝነኛል። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የእጅ ሳይሆን የውሃ ነውና። ወይ መውጣት ሲገባው ውስጥ ቀርቷል፣ ወይ ከአየሩ ተመልሶ ገብቷል፣ አንዳንዴም መኖር ሲገባው ጠፍቷል። ከታች ያለውን ሁሉ በዚህ ዓይን እዩት።

ወደ ሥራው ከመግባታችን በፊት ሁለት ነገር ላስጠንቅቅ። 1 ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር አይሰጥም፤ በምንም መልኩ፣ በጣት ጫፍም ቢሆን። ከ4 ዓመት በታች ላለ ልጅ ደግሞ ፈንዲሻ፣ ቆሎና ሙሉ ኦቾሎኒ ሊያንቀው ይችላል፤ ለእሱ ለስለስ ያለ ዳቦ ቁረሱለት።

ዳቦ ቆሎው ማታ ይንኮሻኮሽ ነበር፣ ጠዋት ግን ላላ

በጣም የምጠየቀው ይህ ነው። ምክንያቱ ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ መሃሉ አልደረቀም፣ ወይ ሳይቀዘቅዝ ተከድኗል።

የመጀመሪያውን ለማወቅ ምጣዱ ላይ እያለ አንድ ፍሬ አንሡና ትንሽ ቀዝቀዝ ሲል በጣታችሁ ለሁለት ስበሩት። "ቀጭ" ብሎ ከተሰበረና መሃሉም እንደ ዳሩ ደረቅ ከሆነ ደርሷል። ጎበጥ ብሎ ከተሰበረ፣ ወይም መሃሉ ላይ የሰሊጥ ፍሬ የምታህል ጠቆር ያለች እርጥብ ነጥብ ከታየች ገና ነው። ውጩ ቀይ ሆኖ ውስጡ እንዲህ የሚቀረው እሳቱ ስለበረታ ነው። ያች ነጥብ ሌሊቱን ሙሉ እርጥበቷን ወደ ቅርፊቱ ስትረጭ ታድራለች፤ ጠዋት ሁሉም እኩል ለስልሶ ታገኙታላችሁ። ከሰሉን ቀነስ አድርጋችሁ፣ ሳታቋርጡ እያማሰላችሁ ረዘም ላለ ጊዜ ቁሉት። ሊጡን ስታድበለብሉም ከእርሳስ እንዳይወፍር ተጠንቀቁ፤ ልጆች የቆረጡት ትልልቁ እየተለየ ብቻውን ይቆላ።

ሁለተኛው በእኔም ደርሷል። አንድ ክረምት ለእህቴ ልልክላት ብዬ ትኩሱን ዳቦ ቆሎ በወተት ዱቄት ጣሳ ከደንኩት። በማግስቱ ክዳኑን ስከፍት ውስጡ ጤዛ ቋጥሮ አየሁ፤ ከቆሎው የወጣው እንፋሎት መሄጃ አጥቶ እዚያው ውሃ ሆኗል። ከዚያ ወዲህ ሰፌድ ላይ በትኜ፣ አንድ እፍኝ ጉንጬ ላይ አስጠግቼ ሙቀት እስኪጠፋ እጠብቃለሁ። ነገር ግን በክረምት "ይቀዝቅዝ" ብላችሁ ሌሊቱን ሙሉ ሰፌድ ላይ አታሳድሩት፤ የጅማ አየር ራሱ ያረጥበዋል። አንድ ሰዓት ይበቃል፤ ከዚያ ጥርቅም ብሎ የሚገጥም ክዳን ባለው ጣሳ ይግባ። ፌስታል አይሆንም።

የላላውን አትጣሉት። ብረት ምጣድ ላይ በዝግታ እሳት ለ10 ደቂቃ ያህል መልሳችሁ አመስ አመስ አድርጉት፣ በደንብ አቀዝቅዙት፣ ክደኑት። እንደ አዲስ ይሆናል።

ድንጋይ ሆኖ ጥርስ የሚሰብር ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው። ዘይቱ አንሷል ወይም ሊጡ እንደ ዳቦ ሊጥ ተለፍቷል። ለ1 ኪሎ ዱቄት 2 የቡና ሲኒ ዘይት ጨምሩና ውሃ ከመንካቱ በፊት ከደረቁ ዱቄት ጋር በመዳፋችሁ እሹት። ውሃውን ከዚያ በኋላ ጥቂት በጥቂት፤ ሊጡ እንደተያያዘ ማቡካቱን አቁሙ።

የሰሊጥ ወይም የኦቾሎኒ ከረሜላው አልደርቅ አለ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ከሌላ አገር የመጣ አሠራር ጅማ ላይ የሚያሳስተው በዚህ ነውና።

ስኳርና ውሃ ሲፈላ ውሃው እየተነነ ይሄዳል፤ ውሃው ባነሰ ቁጥር የሽሮፑ ሙቀት ይጨምራል። ሲቀዘቅዝ ተሰባሪ የሚሆን ከረሜላ ለመሥራት 150 ዲግሪ ገደማ መድረስ አለበት ይባላል። ይህ ግን ለባሕር ዳርቻ የተጻፈ ቁጥር ነው። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ስለዚህ ሽሮፑ 144 አካባቢ ሲደርስ ደርሷል። ቁጥሩን አምናችሁ እስከ 150 ከጠበቃችሁ ይመርራል፣ ሊያርም ይችላል።

ቴርሞሜትር የሌለው ቤት የቀዝቃዛ ውሃ ሲኒ ይበቃዋል፤ እኔም የምተማመነው በእሱ ነው። ከሽሮፑ አንድ ጠብታ ውሃው ውስጥ ጣሉና በጣታችሁ አውጡት። እንደ ማስቲካ ከተለመጠ ብዙ ይቀረዋል። ከጠጠረ ግን ሲጫኑት ጎበጥ ካለ ትንሽ ይቀረዋል። በጥርስ መሃል እንደ ብርጭቆ ስብርብር ካለና ካልተጣበቀ፣ ያኔውኑ ከእሳት አውርዱት። አንዴ ከደረሰ በኋላ የሚቃጠለው በሰከንዶች ውስጥ ነው።

ደርሶ ከተሰበረ በኋላ በማግስቱ ላብ ላብ ብሎት የተጣበቀስ? አሁንም አየሩ ነው። በተለይ በስኳር ፋንታ ማር ያበዛ ሰው ይህ ይገጥመዋል፤ ማር እርጥበትን ከአየር የመሳብ ጠባይ አለውና። ማሩን ለጣዕም አንድ ማንኪያ ብቻ አድርጉት። ከረሜላውን ለብ እንዳለ በዘይት በተቀባ ቢላ ቁረጡት፣ እንደቀዘቀዘ ወዲያው አንድ በአንድ በወረቀት ጠቅልላችሁ ጣሳ ውስጥ ክደኑት። የመጠቅለሉ ሥራ የልጆቹ ነው፤ ሲጠቀልሉ የሚበሉትን ግን ቀድማችሁ ቁጠሩላቸው።

አሸዋ አሸዋ የሚል ከሆነ ደግሞ ስኳሩ ተመልሶ ፍሬ ሠርቷል። ከሟሟ በኋላ ስላማሰላችሁት ወይም የድስቱ ዳር ላይ የቀረ ስኳር ስለወደቀበት ነው። ውሃ ጨምራችሁ፣ ጥቂት የሎሚ ጠብታም አክላችሁ እንደገና አሟሙትና ከዚያ ማማሰያውን አስቀምጡ። ሎሚው የስኳሩን ክፍል ስለሚፈታው ተመልሶ እንዳይሰባሰብ ያደርገዋል። ሰሊጡም አስቀድሞ የተቆላና ትኩስ ይሁን፤ ቀዝቃዛ ሰሊጥ ሽሮፑን ሳይዳረስ ያደርቀዋል።

የፈላ ስኳር ቆዳ ላይ ከነካ ተጣብቆ ያቃጥላል። ልጆች ሰሊጥ ያጥባሉ፣ ትሪ ዘይት ይቀባሉ፤ ምድጃ አጠገብ ግን አይቆሙም።

ፈንዲሻው ግማሹ አልፈነዳም

እዚህ ነገሩ ይገለበጣል፤ የጎደለው ውሃ ነው። የፈንዲሻ ፍሬ ከክብደቱ 14 በመቶ ገደማ ውሃ በውስጡ መያዝ አለበት። ያ ውሃ ነው ሲግል እንፋሎት ሆኖ ቅርፊቱን ገፍቶ የሚያፈነዳው። ከምድጃ በላይ ለወራት የተንጠለጠለ ወይም ፀሐይ ላይ የሰነበተ ፍሬ ውሃውን ጨርሷል። ለ3 ኩባያ ፍሬ 1 የሾርባ ማንኪያ ውሃ አድርጋችሁ፣ ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ ናጥ ናጥ እያደረጋችሁ ሁለት ሦስት ቀን አቆዩትና ሞክሩት። የፈነዳው ሁሉ ጠንካራና ለማላመጥ የሚያስቸግር ከሆነ ደግሞ ፍሬው ገና እርጥብ ነው፤ ወይም እንፋሎቱ ድስት ውስጥ ታፍኗል፤ ክዳኑን ጥቂት ገለጥ አድርጉት።

የጭቃዋ ላም ተሰነጠቀች፣ ቀንዷም ወደቀ

ልጅ የሚያለቅሰው እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ አስቀድሞ መከላከሉ ይሻላል።

አፈሩን በመመርመር ጀምሩ። ጭቃውን አሽታችሁ በእርሳስ ውፍረት አድበልብሉትና ጣታችሁ ላይ እንደ ቀለበት ጠምጥሙት። ሳይሰነጠቅ ከዞረ ለሥራ ይሆናል። ከተቆራረጠ አሸዋ ወይም ተራ አፈር በዝቶበታል፤ ሌላ ቦታ ቆፍሩ። እንደ ማስቲካ ከተጣበቀና ከጣት አልላቀቅ ካለ ደግሞ አሸዋው አንሶት ሸክላነቱ በዝቷል። ይህኛው ሲደርቅ ብዙ ስለሚጨማደድ ይሰነጠቃል፤ ለአራት እጅ ጭቃ አንድ እጅ ደቃቅ አሸዋ ወይም የተወቀጠ ገል ቀላቅሉበት።

ቀጥሎ አደራረቁ ነው። ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ብልጭ ሲል ሁሉም ሰው ላሙን ይዞ ወደ ደጅ ይሮጣል። ውጩ ቶሎ ደርቆ ይጨማደዳል፣ ውስጡ ገና እርጥብ ነው፤ ሆዷ ላይ የሚከፈተው ስንጥቅ ከዚህ የመጣ ነው። በኮባ ቅጠል ወይም በፌስታል ሸፍናችሁ ጥላ ውስጥ ሁለት ቀን አቆዩት፣ ከዚያ ገለጥ አድርጉት። ሆዱም ከአውራ ጣት በላይ እንዳይወፍር ከሥር በማንኪያ ፈልፍሉት። መድረቁን የምታውቁት ጉንጫችሁ ላይ በማስጠጋት ነው፤ ቀዝቀዝ ካለ ውስጡ ውሃ አለ።

ቀንድ፣ ጆሮና እጀታ የሚወድቁት ደረቅ ያለ ጭቃ ላይ ስለሚለጠፉ ነው። ሁለቱንም ፊት በስንጥር ቧጨር ቧጨር አድርጉ፣ በውሃ የበጠበጣችሁትን እንደ ሙቅ የቀጠነ ጭቃ ቀቡ፣ ከዚያ ተጭናችሁ አሽከርክራችሁ ግጠሙት። የወደቀውንም ላሟ ገና ካልደረቀች በዚሁ መንገድ መመለስ ይቻላል። ፈጽማ ከደረቀች ግን ጭቃ አይዛትም፤ ሙጫ ነው የሚይዛት።

ያልተተኮሰ ጭቃ ውሃ ሲነካው ይፈርሳልና በልጁ ሲኒ ሻይ አትቅዱ። ከሰል ውስጥም አትጣሉት፤ የቀረው እርጥበት እንፋሎት ሆኖ ያፈነዳውና ፍንጣሪው ዓይን ሊመታ ይችላል።

የዱቄት ሙጫው ሻገተ፣ ወረቀቱም ተጠቀለለ

ለእንቁጣጣሽም ለዒድም ካርድ ስንሠራ ሙጫው ከስንዴ ዱቄት ነው፤ ርካሽ ነው፣ አፍ ቢገባም አይጎዳም። በጅማ ክረምት ግን በሦስተኛው ቀን አረንጓዴ ያወጣል። 1 እጅ ዱቄት ለ5 እጅ ውሃ በጥብጡ፤ ውሃውን ግን አስቀድማችሁ ከአራት አምስት ፍሬ ቅርንፉድ ጋር አፍሉትና አቀዝቅዙት፣ ሻጋታውን ያዘገየዋል። ነጭነቱ ጠፍቶ ብርሃን እስኪያሳልፍ ይብሰል። የሻገተውን ከላይ ገፎ መጠቀም የለም፤ ይደፋ።

ወረቀቱ የሚጠቀለለው በአንድ ወገን ብቻ ስለረጠበ ነው። ስስ አድርጋችሁ ቀቡ፣ በደረቅ ጋዜጣ መሃል አድርጋችሁ ከባድ መጽሐፍ ጫኑበት፣ ሌሊቱን ይደር።

ጧፉ ይንጣጣል፣ ይጨሳል፣ ቶሎም ይጠፋል

ማር በሚበዛበት አገር ሰም ማግኘት አይቸግርም፤ ጠጅ የሚጥሉ ሰዎችን ሰፈፍ ብትጠይቁ ይሰጧችኋል። መብራት በሚጠፋበት ምሽት ልጅ ራሱ የሠራውን ጧፍ ሲያበራ የፊቱን ደስታ ማየት ሌላ ነው።

የሚንጣጣው ሰሙ ውስጥ ውሃ ወይም ማር ስለቀረ ነው። ሰፈፉን በሞቀ ውሃ ውስጥ አሟሙት፣ በሻሽ አጥልሉት፣ ሳይነኩት ይቀዝቅዝ። ሰሙ ከላይ ረግቶ ይወጣል፤ ገልብጡትና ከሥሩ የተጣበቀውን ጥቁር አተላ በቢላ ፋቁት። ከዚያ ለአንድ ቀን አየር ያግኝ። ፈትሉም ደረቅ ይሁን፤ በክረምት ጓዳ የሰነበተ ጥጥ ደርቆ አያውቅም፣ ሞቅ ያለ ምጣድ አጠገብ ጥቂት አቆዩት።

ሰም በ62 እና በ64 ዲግሪ መካከል ይሟሟል፤ ስለዚህ በቀጥታ እሳት ላይ ማድረግ አያስፈልግም። ጣሳውን ሙቅ ውሃ ባለበት ድስት ውስጥ አቁሙት፤ ይህም የወላጅ ሥራ ነው። በእሳት ቢያያዝ ክዳን ክደኑበት፤ ውሃ ፈጽሞ አታፍሱበት፣ ነበልባሉን ይረጨዋል።

ፈትሉን ስታጠልቁት ሰሙ እየጎረበጠ ከተለጠፈ ቀዝቅዟል፤ ድስቱን ትንሽ አሙቁት። በተቃራኒው ደጋግማችሁ አጥልቃችሁም አልወፍር ካለ ሰሙ ግሏል፣ የቀደመውን ሽፋን እያሟሟ ነው፤ አውርዳችሁ ዳሩ ላይ ስስ ነጭ መስመር መርጋት ሲጀምር ቀጥሉ። ከእያንዳንዱ ማጥለቅ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ይንጠልጠል። እኛ ባለ ሦስት እግሩን በርጩማ ገልብጠን በእግሮቹ መሃል ሲባጎ እንወጥርና እዚያ ላይ እንሰቅለዋለን፤ ከሥሩ የቆየ ትሪ ይቀመጣል፣ የሚንጠባጠበውም ተሰብስቦ ወደ ጣሳው ይመለሳል።

የሚጨሰው ፈትሉ ከሰሙ ውፍረት ጋር ስላልተመጣጠነ ነው። ጥቁር ጭስ ካወጣ ፈትሉ ወፍሯል ወይም ረዝሟል፤ ጫፉን በመቀስ ከጥፍር ባነሰ ርዝመት ቁረጡት። እሳቱ ጭል ጭል ብሎ በቀለጠው ሰም ውስጥ ከሰጠመ ደግሞ ፈትሉ ቀጥኗል፤ በሚቀጥለው አንድ ክር ጨምራችሁ ግመዱት።