የተሳቢ ጎማ ሲተነፍስ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ከአዳማ ተነስቶ ወደ ሶደሬ፣ ወይም በወለንጪቲ አድርጎ ወደ መተሐራ በፒካፕ ተሳቢ እየጎተተ የሚጓዝ ሰው የመኪናው የፊት ጎማ ቢተነፍስ መሪው ላይ ወዲያው ይሰማዋል። የተሳቢው ጎማ ሲተነፍስ ግን መሪው ላይ የሚደርስ ነገር የለም። በተለይ ተሳቢው ባለ ሁለት አክስል ከሆነ፣ በዚያው ጎን ያለው ደኅናው ጎማ ሸክሙን ብቻውን ተሸክሞ ስለሚቀጥል፣ የተነፈሰው ጎማ ተፈጭቶ እስኪያልቅ ድረስ ሹፌሩ ምንም ሳያውቅ ብዙ ኪሎ ሜትር ሊነዳ ይችላል። ይህ ጽሑፍ የድንኳንና የወንበር ማመላለሻ ተሳቢም ሆነ አልጋና ማብሰያ የተገጠመለት የመንገደኛ ተሳቢ ለሚጎትቱ ሁሉ ነው። ጎማ መቀየር በራሱ ከባድ ሥራ አይደለም። አጥብቄ ማሳሰብ የምፈልገው፣ የተነፈሰበት ምክንያት ሳይጣራ የተቀየረ ጎማ ብዙ ጊዜ በዚያው ምክንያት ተመልሶ እንደሚተነፍስ ነው።

ምልክቶቹ

ቀዳሚው መረጃ ሰጪ የጎን መስታወት ነው። ተሳቢው ወደ አንድ ጎን አጋድሎ ከታየ፣ ከኋላ ጭስ ወይም የጎማ ቁራጭ ሲፈናጠር ከታየ፣ የተቃጠለ ላስቲክ ከሸተተ፣ የተሳቢው ጭራ ግራና ቀኝ መወዛወዝ ከጀመረ፣ ወይም መንገዱ ሜዳ ሆኖ ሳለ ፒካፑ እንደ ዳገት ከከበደው አንዱ ጎማ መጎዳቱን ይጠርጥሩ። የጭነት መኪና ረዳት በመስኮት ብቅ ብሎ በእጁ ወደ ኋላዎ ካመለከተም ሰላምታ ነው ብለው አይለፉት።

በዚህ ጊዜ ፍሬን በድንገት መርገጥ ከሁሉ የከፋው ስሕተት ነው፤ እየተወዛወዘ ያለ ተሳቢ መኪናውን ከኋላ ገፍቶ ወደ ጎን ያዞረዋል። እግርዎን ከነዳጁ ላይ ቀስ ብለው ያንሱ፣ መሪውን ቀጥ አድርገው ይያዙ፣ ፍጥነቱ በራሱ ሲበርድ ወደ ዳር ይውጡ። በአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ላይ ከሆኑ የዳር መቆሚያው አለ። ወደ አዋሽ በሚወስደው መንገድ ላይ ግን ከጅቡቲ የሚመላለሰው ከባድ መኪና ስለማይቋረጥ፣ ጠንካራና ደልዳላ ቦታ እስኪያገኙ ድረስ በእግረኛ ፍጥነት ጥቂት መቶ ሜትር መሄድ ይሻላል። ጎማው ይበላሽብኛል ብሎ አስፋልት ላይ መቆም አይገባም፤ ጎማው ቀድሞውኑ ተበላሽቷል፤ የሚተርፈው የሰው ሕይወት ነው። የማስጠንቀቂያ ሦስት ማዕዘኑን ቢያንስ 50 ሜትር፣ በፈጣን መንገድ ደግሞ 100 ሜትር ያህል ወደ ኋላ ርቀው ያኑሩ።

ጎማውን ከመፍታትዎ በፊት

አንድ ጊዜ ለሠርግ ድንኳን ጭኜ ወደ መተሐራ ስወርድ፣ ወለንጪቲን አልፌ ጥቂት እንደሄድኩ አንድ ረዳት በምልክት አስቆመኝ። የግራው ጎማ ጎኑ ላይ ተሰንጥቆ ነበር። ከቸርኬው ሲላቀቅ ከውስጡ እንደ ተወቀጠ ቡና ያለ ጥቁር ብናኝ ፈሰሰ። ይህ ብናኝ ምስክር ነው፦ ጎማው በድንገት አልፈነዳም፤ አየሩ ጎድሎ፣ ጎኑ እየታጠፈና እየተፈተገ ረጅም መንገድ ሄዷል ማለት ነው። ጎማውን አዲስ ነው ብሎ የሸጠልኝን ሱቅ አምኜ ጎኑ ላይ ያለውን ቁጥር አላነበብኩም ነበር። ሳነበው ከመግዛቴ ስድስት ዓመት በፊት የተመረተ ሆኖ አገኘሁት።

ስለዚህ መፍቻ ከማንሳትዎ በፊት ጎማውንና አካባቢውን ይመልከቱ። ጥርሱ ላይ የተሰካ ምስማር ወይም የግራር እሾህ ካለ ሳይነቅሉ ይተዉት፤ ጎሚስታው ቀዳዳውን በቀላሉ ያገኘዋል። ቀጥሎ የእጅዎን ጀርባ ወደ ሞዞው (ቸርኬው ወደሚታሰርበት የመሐል ብረት) ያስጠጉ፣ ሳይነኩም ሙቀቱን ይለኩ። ከሌላው ጎን ሞዞ ጋር ሲነጻጸር እጅ የማያስጠጋ ከሆነ ጥፋቱ ከጎማው ሳይሆን ከኩሽኔታው (ሞዞው ከሚሽከረከርበት የብረት ቀለበት) ወይም ካልለቀቀ ፍሬን የመጣ ነው። ያንን ሳያስተካክሉ ስኮርታውን (መጠባበቂያውን ጎማ) ቢያስሩ እሱንም ያቃጥሉታል።

አቀያየሩ

ተሳቢው ከፒካፑ ጋንቾ መፈታት የለበትም። የተፈታ ተሳቢ በክሪክ ሲነሳ ወደፊትም ወደኋላም ሊሸሽ ይችላል፤ የታሰረውን ግን መኪናው ይይዘዋል። የእጅ ፍሬኑን ይሳቡ፣ ማርሽ ያስገቡ፣ በሌላው ጎን ባለው ጎማ ፊትና ኋላ ታኮ ያድርጉ። ታኮ ከሌለ ድንጋይ ይሠራል፤ ነገር ግን ክብ ድንጋይ ስለሚንከባለል ጠፍጣፋ ይምረጡ። በተሳቢው ውስጥ ሰው አይቆይ።

ዳዶዎቹን ጎማው መሬት እንደያዘ ግማሽ ዙር ያህል ያላሉ። አየር ላይ ከተነሳ በኋላ ለማላላት መታገል ተሳቢውን ከክሪኩ ላይ ያወርደዋል። በዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያስቸግር ነገር አለ፤ የፒካፑ መፍቻ ለተሳቢው ዳዶ ላይሆን ይችላል። አንዱ 21 ሌላው 19 ሊሆን ስለሚችል ቤት ሳሉ ሞክረው የሚስማማውን መፍቻ በተሳቢው ውስጥ ያስቀምጡ። የፒካፑ ክሪክም እንዲሁ አጥሮ ወይም ረዝሞ ሊገኝ ይችላል።

ክሪኩ የሚያርፍበት ቦታ ትልቁ ጥያቄ ነው። አምራቹ ምልክት ካደረገ እዚያ ላይ ብቻ ነው። ምልክት ከሌለ ከጎማው አጠገብ ባለው የሻንሲ ብረት ላይ ማድረጉ ይመረጣል። የአክስሉን መሐል ማንሳት አክስሉን ሊያጎብጠው ይችላል፤ የጎበጠ አክስል ደግሞ ከዚያ በኋላ የሚያስሩበትን ጎማ ሁሉ በአንድ ጎኑ ይበላል። ተሳቢው ሲቆም ማእዘኖቹ ላይ የሚወርዱት ድጋፍ እግሮች እንዳይነቃነቅ የሚያደርጉ እንጂ የሚያነሱ አይደሉም፤ በእነሱ ለማንሳት የሞከረ ሰው ወለሉን ያጣምማል። መሬቱ አሸዋ ወይም የላላ አፈር ከሆነ ከክሪኩ ሥር ሰፊ ጣውላ ያድርጉ።

ባለ ሁለት አክስል ተሳቢ ያለው ሰው ያለ ክሪክም መቀየር ይችላል። አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ያላቸውን ሦስት ጣውላዎች በደረጃ ደርድሮ ደኅናውን ጎማ ቀስ አድርጎ በላያቸው ላይ ማውጣት ነው፤ በባሌስትራ በተሠሩት ብዙ ተሳቢዎች የተነፈሰው ጎማ በራሱ ከመሬት ይነሳል። እኔ ከክሪክ ይልቅ ይህን መንገድ እመርጣለሁ፤ ጣውላ አይንሸራተትም።

ነፋሱንም አይርሱ። አዳማ ዙሪያ ያሉት ኮረብቶች የነፋስ ኃይል ማመንጫ የተተከለባቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ግድግዳው ረጅም የሆነ ተሳቢ በክሪክ ላይ ቆሞ ጎኑን ለነፋስ ከሰጠ ይወዛወዛል። ቦታው ከፈቀደ የመኪናውን አፍንጫ ወደ ነፋሱ አዙረው ይቁሙ፤ በምንም ምክንያት ከተነሳው ተሳቢ ሥር እጅና ጭንቅላት አይግባ።

አዲሱን ጎማ ሲያስገቡ የዳዶው ሾጣጣ ጎን ወደ ቸርኬው ይዙር። ሁሉንም በእጅ ካሰሩ በኋላ ጎማው መሬት እስኪነካ ዝቅ ያድርጉ፣ ከዚያም በተራ ሳይሆን ትይዩ ያሉትን እያፈራረቁ ያጥብቁ። በተራ የታሰረ ቸርኬ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። በብዙ ቀላል ተሳቢዎች ላይ ያለው የ12 ሚሊ ሜትር ብሎን ከ90 እስከ 120 ኒውተን ሜትር የሚደርስ ጥብቀት ይፈልጋል፤ የተሳቢው መመሪያ ሌላ ቁጥር ካለው ግን እሱ ይቀድማል።

በመሐል የሚያጋጥሙ እንቅፋቶች

ዳዶው አልፈታ ካለ ወይ ዝጎ ነው ወይ ባለፈው ጊዜ በአየር መፍቻ ከመጠን በላይ ተጠብቆ ነው። መፍቻው ላይ ረጅም ቱቦ አስገብተው በዝግታ ይጫኑ፤ በእግር እየዘለሉ መርገጥ ብሎኑን ይቆርጣል። የዛገ ከሆነ ናፍጣ ወይም ዘይት ጠብ አድርገው ጥቂት ይጠብቁ። ጎማው ዳዶው ተፈትቶም ከሞዞው ጋር ተጣብቆ ከቀረ በእንጨት ግራና ቀኝ እያፈራረቁ ጎኑን ይምቱት። ስኮርታው ራሱ ተንፍሶ ከተገኘ መፍትሄው ጎሚስታ መፈለግ ብቻ ነው፤ ከተሳቢው ሥር አቧራና ሙቀት ላይ ለዓመታት የተንጠለጠለ ስኮርታ ሳይነካም አየር ይቀንሳል፣ ያረጃልም። ስለዚህ አየር በሚለኩበት ቀን ሁሉ ስኮርታውንም ይለኩ።

የተነፈሰበት ምክንያት

ከቀዳዳ ይልቅ ጎማ የሚገድለው የአየር ማነስ ነው። ለተሳቢ የተሠራ ጎማ ሙሉ ጭነት ሲሸከም፣ በብርድ ሲለካ፣ ጎኑ ላይ የተጻፈውን ከፍተኛ መጠን ይዞ መጓዝ አለበት፤ ይህም እንደ ጎማው ዓይነት 50፣ 65 ወይም 80 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ) ሊሆን ይችላል። ብርድ ማለት ከጉዞ በፊት፣ ፀሐይ ሳይመታው፣ ማለዳ ነው። ከአዳማ ወደ መተሐራ ሲወረድ ሙቀቱ ይጨምራል፣ ጎማውም በመንገዱ ይሞቃል፤ መለኪያው ከማለዳው ከአሥር እስከ አሥራ አምስት በመቶ ከፍ ቢል ጤናማ ነው። መተሐራ ላይ ቆመው «ሞቋል፣ ይፈነዳል» ብለው አየር የሚያስወጡ ሰዎች አሉ። የጎማው መሞት የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው፦ ማታ ሲበርድ አየሩ ከሚገባው በታች ይሆናል፣ በማግሥቱ ጎኑ እየታጠፈ ይበልጥ ይሞቃል። የሞቀ ጎማ አየር አይቀነስለትም።

ሁለተኛው ምክንያት ዕድሜ ነው። የተሳቢ ጎማ ብዙ ጊዜ ቆሞ ስለሚውል ጥርሱ ሳያልቅ ላስቲኩ ይሞታል፤ ሊሾ እስኪሆን መጠበቅ አይገባም። ጎኑ ላይ ካለው ጽሑፍ መጨረሻ ላይ አራት አኃዞች ይገኛሉ፦ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን ያመለክታሉ። 2319 የሚል ጎማ በ2019 በ23ኛው ሳምንት ተመርቷል፤ ይህ የአውሮፓውያን አቆጣጠር ስለሆነ በእኛ ግንቦት 2011 ዓ.ም. መጨረሻ አካባቢ ነው። ቁጥሩን በእኛ አቆጣጠር የሚያነብ ሰው ከሰባት ዓመት በላይ ያረጀውን ጎማ የዘንድሮ አድርጎ ይገዛዋል። ከአምስት ወይም ከስድስት ዓመት በኋላ፣ ደኅና ቢመስልም መቀየር ይገባል። ከዚያም በፊት ጎኑ ላይ እንደ ደረቀ ጭቃ የተሰነጣጠቀ መስመር ከታየ ቀኑ ደርሷል።

አበላሉም ይናገራል። ሁለቱ ዳሮች ብቻ ከተበሉ አየር አንሶታል፣ መሐሉ ብቻ ከተበላ አየር በዝቶበታል። አንድ ዳር ብቻ ከተበላ አክስሉ ጎብጧል ወይም ጭነቱ ወደ አንድ ጎን አድልቷል። እዚህም እዚያም ጎድጎድ ያለ ከሆነ ኩሽኔታው ላልቷል፤ ጎማውን በክሪክ አንስተው ከላይና ከታች ይዘው ሲነቀንቁት ከተንቀሳቀሰ ወይም ሲያሽከረክሩት ከተንጫጫ መካኒኩ ሞዞውን ከፍቶ ኩሽኔታውን ያያል፣ ግራሶውን ይቀይራል። ምንም ባይታይም በዓመት አንድ ጊዜ ግራሶ መቀየር ተገቢ ነው።

ጎማው ምንም ቀዳዳ ሳይኖረው በየሳምንቱ ከቀነሰ ቫልቮላውን ይፈትሹ። የሳሙና አረፋ ቀብተው ወደ ጎን ሲጎነብሱት የሚፈላ ከሆነ ላስቲኩ ተሰንጥቋል። ተራው የላስቲክ ቫልቮላ የተሠራው እስከ 65 ፒኤስአይ ላለ አየር ስለሆነ 80 የሚሞላበት ጎማ የብረት ቫልቮላ ይፈልጋል።

ጎሚስታው ዘንድ

ጥርሱ ላይ ያለ፣ ከስድስት ሚሊ ሜትር ያልበለጠ ቀዳዳ ጎማው ከቸርኬው ወጥቶ ከውስጥ በማስቲሽ ሲለጠፍ በደንብ ያገለግላል። ከውጭ ብቻ የሚሰካው መድፈኛ ቤት ለመድረሻ ይሆናል፤ ሙሉ ጭነት ይዞ ለሚሄድ ተሳቢ አይበቃም። ትከሻው ወይም ጎኑ ከተቀደደ፣ ወይም ያ ጥቁር ብናኝ ከውስጡ ከፈሰሰ ጎማው አይጠገንም። «ካላማዳሪ (ከውስጥ የሚገባ አየር የሚሞላ ላስቲክ) ላስገባበት» የሚል ሐሳብ ሲቀርብ ገንዘብ የሚያተርፍ ይመስላል። ነገር ግን ካላማዳሪው አየሩን ይይዛል እንጂ የተሰበረውን ጎን አያጸናም፤ በጎማውና በካላማዳሪው መካከል ያለው መፋተግም ሙቀት ይጨምራል። ጎሚስታው በቅንነት ቢናገረውም፣ ለተሳቢ አይቀበሉት።

ጎማው ከተቀየረ በኋላ ፍጥነትዎን ከ90 ኪሎ ሜትር በታች ያድርጉ፤ አብዛኞቹ የተሳቢ ጎማዎች ሌላ ምልክት ካልተጻፈባቸው በቀር ከ105 በላይ እንዲሄዱ አልተሠሩም፣ የፍጥነት መንገዱ ለትንሽ መኪና የሚፈቅደው ለእነሱ አይሆንም። አዲስ የታሰረ ዳዶ ሲሞቅና ሲነዘር ትንሽ ስለሚላላ ከ20 ኪሎ ሜትር በኋላ፣ እንደገናም ከ80 በኋላ ያጥብቁት። ከአዳማ ለተነሳ ሰው የመጀመሪያው ማጥበቂያ ወለንጪቲ፣ ሁለተኛው መተሐራ አካባቢ ነው፤ በሁለቱም ቦታ መፍቻው ሲነሳ የእጅዎ ጀርባ ሞዞው አጠገብ አንድ ጊዜ ይድረስ።