ሃይድሮፎን በበርሜልና በማስመሪያ ስንለካ

ሃይድሮፎን፣ ማለትም የውኃ ውስጥ ማይክሮፎን፣ ሠርቶ ውኃ ውስጥ መክተት ቀላል ነው። ከባዱ የሰማው ድምፅ ስንት ፓስካል (የግፊት መለኪያ) እንደሆነ ማወቁ ነው። እኔ ለገጣፎ፣ ከጥገና ሱቄ ጓሮ፣ በሰማያዊ የፕላስቲክ በርሜል ነው የምለካው።

ድሮ አንዱን ለመለካት ቀድሞ የተለካ ሌላ ያስፈልግ ነበር። እሱስ በምን ተለካ? ከዚህ አዙሪት ያወጡን፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ማክሊን በ1940 እና ኩክ በ1941 ናቸው። ሦስት መሣሪያ እየቀያየሩ አንዱ ሲጮህ ሌላው ይሰማል፤ ቢያንስ አንዱ ሁለቱንም መቻል አለበት። የሚለካው ቮልቴጅ፣ ከረንትና ርቀት ነው። ግሩም ዘዴ ነው፤ ለበርሜል ግን አይሆንም። ድምፅ ውኃ ውስጥ በሰከንድ 1,500 ሜትር ገደማ ስለሚሮጥ ከግድግዳው የሚነጥረው ወዲያው ይደርስና ይደበላለቃል።

እኛ የውኃውን ክብደት እንጠቀማለን። 10 ሴንቲሜትር ዝቅ ሲባል ግፊቱ 980 ፓስካል ገደማ ይጨምራል።

27 ሚሊሜትር ፒየዞ (ግፊት ሲያርፍበት ቮልቴጅ የሚሰጥ ክብ ዲስክ) ላይ ሽቦ በይዱ፤ ውኃ እንዳይገባ በኤፖክሲ ድፈኑት። ፊቱን ወደ ጎን አድርጋችሁ ከቀጭን ዘንግ ጋር እሰሩት፤ ሲወዛወዝ የራሱ ክብደት እንዳይረብሽ ነው። ዘንጉ ላይ በ10 ሴንቲሜትር ልዩነት ሁለት ምልክት አድርጉ።

ብዙ ሰው የሚሸወደው ቀጥሎ ነው። የፒየዞው ካፓሲታንስ 20 ናኖፋራድ ገደማ ነው። በ1 ሜጋኦም ካሰራችሁት ከ8 ኸርዝ በታች ያለውን ይበላዋል። እኛ የምናወዛውዘው ደግሞ በሁለት ሰከንድ አንዴ ነው። ስለዚህ አሥር ባለ 10 ሜጋኦም ረዚስተሮችን አከታትላችሁ በይዱ፤ ከዚያ ቲኤል 072 (የማጉያ ቺፕ) በጌይን 1፣ ማለትም ሲግናሉን ሳያጎላ። ኃይሉ ከሁለት ባለ 9 ቮልት ባትሪ ይሁን፤ የመብራቱ 50 ኸርዝ ጉርምርምታ ይቀንሳል። ኦሲሎስኮፑን (ቮልቴጁን በስክሪን የሚያሳየውን መሣሪያ) ዲሲ ላይ አድርጉት፤ ኤሲ ላይ ከተዋችሁት ሲግናሉን ራሱ ይቆርጠዋል።

ፒየዞ ለሙቀት ለውጥም ቮልቴጅ ይሰጣል፤ የለገጣፎ የጠዋት ውኃ ደግሞ በረዶ ነው። ግማሽ ሰዓት ውስጡ ተዉት። ሲኖትራክ እያለፈ ከሆነም ጠብቁ። ከዚያ በሁለቱ ምልክቶች መካከል በእርጋታ ከፍ ዝቅ አድርጉ።

ከጫፍ እስከ ጫፍ 98 ሚሊቮልት ካያችሁ ለ980 አካፍሉ፦ በፓስካል 0.1 ሚሊቮልት። በባለሙያዎቹ አጻጻፍ፣ ከ1 ቮልት በማይክሮፓስካል አንጻር −200 ዲሲቤል ነው። ከአየር ዲሲቤል ጋር እንዳታወዳድሩት፤ የዚያ መነሻ 20 ማይክሮፓስካል ነው።

ቁጥሩ ለዝቅተኛ ድምፅ ነው። ጥቂት ኪሎኸርዝ ላይ ፒየዞው በራሱ መርገብገብ ስለሚጀምር አትመኑት። ውጤቱን ከነቀኑ ፕላስተር ላይ ጽፋችሁ ገመዱ ላይ ለጥፉ።